ጨጓራ ነው ከመባሉ በፊት፦ የሴቶችን ድንገተኛ የልብ ሕመም መለየትና በጊዜ ሐኪም ማድረስ

ከደረት አጥንት በታች ለሚሰማ ማቃጠልና መጨናነቅ አዲስ አበባ አንድ የተዘጋጀ ስም አላት፤ ጨጓራ። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ በአገራችን በሰፊው ይገኛል፤ ተልባ ወይም ኦሜፕራዞል የማይገኝበት ቤትም ጥቂት ነው። ክፋቱ፣ ልብም ሲታመም እዚያው ቦታ ላይ፣ ያንኑ በሚመስል ስሜት ሊታመም ይችላል። ወንድ ደረቱን ይዞ ሲያጎነብስ ሰው ሁሉ ‹‹ልቡን ነው!›› ብሎ መኪና ይፈልጋል። ሴት ደረቷን ስትይዝ ‹‹ተናዳ ነው››፣ ‹‹ብርድ መቷት ነው››፣ ‹‹ሥራ በዝቶባት ነው›› ይባላል። ይባስ ብሎ ብዙ ጊዜ ይህን መጀመሪያ የምትለው ራሷ ናት።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከታማሚዋ ይልቅ አብሯት ላለው ሰው ያደላል፤ ለልጇ፣ ለባሏ፣ ለጎረቤቷ፣ ለሥራ ባልደረባዋ። ውድ ጊዜ የሚባክነው ሳሎን ውስጥ ‹‹ትንሽ ጋደም ልበልና ያልፋል›› እየተባለ ነውና። የምንይዘው ደንብ አንድ ነው፦ ‹‹ጨጓራ ነው›› የሚባለው ልብ ከተመረመረ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ብዙዎቻችን ሃርት አታክ የምንለው፣ ለራሱ ለልብ ጡንቻ ደም ከሚያደርሱት ስሮች አንዱ በድንገት ሲዘጋ የሚመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በስሩ ግድግዳ የተጠራቀመው ስብ ይሰነጠቅና በላዩ ደም ይረጋል። ደም የተቋረጠበት ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል፤ ስሩ ካልተከፈተ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ የሞተው ደግሞ ተመልሶ አይተካም። የወንድ በሽታ ነው ለሚል ሰው፦ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2019 በዓለም ላይ ከሞቱት ሴቶች 35 ከመቶ ያህሉን የገደሉት የልብና የደም ስር በሽታዎች ናቸው።

ደረጃ 1፦ ምን እንደምትል ማዳመጥ

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ወሬ እናርም። ‹‹ሴት ላይ የልብ ሕመም ሲመጣ ደረት አያምም›› እየተባለ በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞራል። ልክ አይደለም። ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በታች በሆኑ ታማሚዎች ላይ የተካሄደውና ቪርጎ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ውጤት፣ ከሴቶቹ 87 ከመቶ፣ ከወንዶቹ 89.5 ከመቶ የደረት ሕመም ነበራቸው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ሴቶቹ ከደረቱ ጋር ሦስትና ከዚያ በላይ ሌሎች ምልክቶችን ይዘው የመምጣታቸው ነገር ከወንዶቹ በለጠ። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የምትናገር ታማሚ ደግሞ ዋናው ነገር ይጠፋባታል፤ የሚሰማትም ሰው ይጠፋበታል። ከሃርት አታኩ በፊት ሐኪም ጋር ሄደው ከነበሩት መካከል 53 ከመቶ ሴቶች ‹‹ሐኪሙ የልብ አልመሰለውም›› ብለዋል፤ ከወንዶቹ ይህን ያሉት 37 ከመቶ ናቸው።

ስለዚህ ‹‹ደረትሽን ያምሻል?›› ብላችሁ ጠይቃችሁ ‹‹አይ፣ አያመኝም›› ስትል አትመለሱ። ብዙ ሴት ሕመም ብላ የምትጠራው የሚወጋና የሚቆርጥ ነገርን ነው። ይህኛው ብዙ ጊዜ አይወጋም። እንዲህ ስትል ጆሯችሁን አቅኑ፦ ‹‹ደረቴን ተጫነኝ››፣ ‹‹አፈነኝ››፣ ‹‹ወጥሮ ያዘኝ››፣ ‹‹ልቤን ጥፍት አደረገኝ››፣ ‹‹ቃር ነው መሰለኝ አልወርድ አለኝ››። ስሜቱ ወደ መንጋጋ፣ ወደ ማጅራት፣ በሁለቱ ትከሻዎች መሀል ወደ ጀርባ፣ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሁለቱም ክንዶች ሊሄድ ይችላል። ግራ እጅ ብቻ ነው የሚለውን እርሱት። መንጋጋዋን አሟት ጥርስ ሐኪም ጋ የምትሄድ፣ ጀርባዋን አሟት ወጌሻ የምታስጠራ ሴት አለች።

አብረውት የሚመጡት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ሳትሠራ የሚያጥር ትንፋሽ፣ ልብስ የሚያርስ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ፣ ማዞር፣ መንስኤው የማይታወቅ ከባድ ድካም፣ ‹‹አንድ ነገር ልሆን ነው›› የሚል ጭንቅ። የስኳር ሕመም ያለባትና ዕድሜዋ የገፋ ሴት ደረቷን ምንም ሳይሰማት በትንፋሽ ማጠርና በድካም ብቻ ልትመጣ ትችላለች።

ድካሙ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ቀድሞ የሚመጣ ምልክት ሊሆን ይችላልና። ብዙ ሴቶች ሕመሙ ከመፈንዳቱ ሳምንታት በፊት ያልለመዱት ድካምና የእንቅልፍ መዛባት እንደነበራቸው ያስታውሳሉ። የከተማችን ሴት መች ከድካም ትፈታለች ትሉ ይሆናል። የምትመለከቱት ለውጡን ነው። ባለፈው ወር የኮንዶሚኒየሙን አራተኛ ፎቅ ዘምቢል ይዛ ትወጣ የነበረች ሴት ዛሬ ሁለተኛው ላይ ከተቀመጠች፣ እንጀራ ጋግራ ሳትጨርስ ምጣዱን ለልጇ ትታ ጋደም ካለች፣ ይህ ዕድሜ አይደለም። ከፍታውም አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ አዲስ መጤን ታንገላታለች፤ ዕድሜ ልኳን እዚህ የኖረችን ሴት ግን በአንድ ወር ውስጥ በድንገት አታስቃስትም። ሲሠሩ የሚመጣ፣ ሲያርፉ የሚለቅ መጨናነቅ ካለ በዚያው ሳምንት ውስጥ ሐኪም ይያት። ሳትሠራ፣ ተቀምጣ የመጣባት ከሆነና ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ራስን ከመሳት ጋር ከመጣ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ተልባ ጠጥታ ወይም የጨጓራ መድኃኒት ውጣ ‹‹ቀለል አለኝ›› ብትል ማስረጃ አይሆንም። የልብ ሕመምም መለስ ቀለስ ይላል። የቤት ውስጥ የግፊት መለኪያው ‹‹ደህና ነው›› ማለቱም፣ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 95 ማለቱም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱም የተዘጋ ስር አያሳዩም።

ደረጃ 2፦ ቤት ውስጥ ማን ይበልጥ እንደሚያሰጋት ቀድሞ ማወቅ

ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራና ሺሻ፣ በወጣትነቱ በልብ የተያዘ የቅርብ ዘመድ፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ስኳር የሴቷን የልብ አደጋ ከወንዱ በበለጠ ከፍ እንደሚያደርግ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶችም፣ መድኃኒታቸውን በሚገባ እየወሰዱም ቢሆን፣ ከሌላው ከፍ ያለ አደጋ አለባቸው።

ማንም የማይጠይቀው የእርግዝና ታሪክ ነው። ነፍሰ ጡር ሳለች ግፊቷ ጨምሮ፣ እጅና እግሯ አብጦ ፕሪኢክላምፕሲያ የተባለች ሴት፣ ወልዳ ግፊቷ ቢወርድም ወደፊት በልብ ደም ስር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባት፣ የወር አበባዋ ከ40 ዓመት በፊት የተቋረጠ ሴትም ከዚሁ ጎራ ናት። ለእናታችሁ ‹‹እኔን ስታረግዢ ግፊት ነበረብሽ እንዴ?›› ብላችሁ ጠይቋት። መልሱን ካርዷ ላይ አታገኙትም።

‹‹ገና ወጣት ናት›› የሚለውም አያስተማምንም። የልብ ደም ስር ግድግዳ በራሱ ጊዜ ተሰንጥቆ የሚዘጋበት፣ ስብም ዕድሜም የማይጠይቅ ዓይነት ሕመም አለ፤ ከሚያዙት 10 ሰዎች 9 ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታትም ይከሰታል። አራስ ቤት ያለች ሴት ደረቷን ከተጫናት ‹‹ብርድ ገባት›› ተብሎ ገንፎ ላይ ቅቤ አይጨመርላትም፤ ሐኪም ቤት ትሄዳለች።

እግረ መንገዴን፦ በእኛ አገር ‹‹ልብ አለባት›› ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በልጅነት ከቶንሲል ተነስቶ የልብ በሮችን የሚጎዳው ሕመም ነው። እሱ ሌላ ነው። ግን ለዚያ ብላ ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ካለች አስታውሱ፤ ደረጃ 3 ላይ ያስፈልገናል።

በጾም ወቅት የጠዋት የግፊት ኪኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚዘለልበት ቤትም ብዙ ነው። መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የንስሐ አባቷም ሐኪሟም መፍትሔ አያጡም፤ የሚጎዳው ለሁለቱም ሳይነግሩ መተው ነው።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች

ሥራውን ታቁም። ወጡ ይረር፣ እንግዳው ይጠብቅ። ራስጌዋን ከፍ አድርጋ በሚመቻት ሁኔታ ትቀመጥ፤ ደረጃ አትውጣ፣ አትውረድ። ፎቅ ላይ ከሆነች በወንበር አድርጋችሁ ለሁለት ተሸከሟት።

የጀመራትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ‹‹ከሌሊቱ››፣ ‹‹ከጠዋቱ›› የሚለውን ሳትረሱ። እኛ 10 ሰዓት ስንል ካርዱ ላይ በፈረንጅ ሰዓት የሚጽፍ ሐኪም ሌላ 10 ሊሰማ ይችላል፤ የስድስት ሰዓት ስሕተት ደግሞ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ይሰጣት ወይ የሚለውን ውሳኔ ይለውጣል።

ከዚያ አምቡላንስ ይደወል (ቁጥሮቹ ደረጃ 4 ላይ አሉ)፤ አስፕሪንም ይፈለግ። 300 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው የሚያስፈልገው፦ ባለ 81 ከሆነ አራት፣ ባለ 100 ከሆነ ሦስት ፍሬ። አትዋጠው፤ ታኝከው፤ በፍጥነት እንዲሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው አይሲስ 2 የተባለ ጥናት ከ17,000 በላይ ሃርት አታክ የተጠረጠረባቸውን ሰዎች ይዞ፣ አስፕሪን ብቻውን በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት በልብና በደም ስር ምክንያት የሚመጣውን ሞት 23 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለዚህ ያህል ርካሽ መድኃኒት ትልቅ ነገር ነው። የማይሰጣት፦ አስፕሪን አለርጂ ካለባት፣ በቅርቡ ደም ካስታወከች ወይም ጥቁር ሰገራ ካየች፣ ፊቷ ከተጣመመ ወይም አንድ ጎኗ ከሰነፈ፣ ዋርፋሪን የምትወስድ ከሆነ፣ ወይም ሕመሙ ጀርባን እንደሚሰነጥቅ ሆኖ በአንዴ የጀመረ ከሆነ። ነፍሰ ጡር ከሆነችም ውሳኔው ለሐኪም ይተው። ግራ ከገባችሁ ተዉት፤ ሆስፒታል ይሰጧታል። አስፕሪን ፍለጋ ብላችሁ ግን ፋርማሲ ለፋርማሲ አትዙሩ።

የማይደረገው ዝርዝር ይረዝማል። ዲክሎፌናክ አትስጡ፤ ለትከሻና ለጀርባ ሕመም በየፋርማሲው እንደ ከረሜላ የሚሸጠው ይህ መድኃኒት ለታመመ ልብ ጎጂ ነው። የጎረቤትን የልብ ኪኒን ከምላሷ ሥር አታስቀምጡ። ዳማከሴና ጤና አዳም ለምች እንጂ ለዚህ አይሆኑም። ክብሪት አታሽቷት፣ ውሃ አትርጩባት። ጠበል የምትፈልግ ከሆነ ማንም አይከለክላትም፤ መኪናው ግን አይቆምም።

ራሷን ስታ ከወደቀችና ትንፋሽ ከሌላት፣ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ ቃ ቃ የምትል ከሆነ ልቧ ቆሟል። አንድ ሰው ይደውል፤ ሌላው በጠንካራ ወለል ላይ በጀርባዋ አስተኝቷት በሁለት መዳፉ የደረቷን መሀል ይጫን፤ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። በሌሎች አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ሴት አደባባይ ላይ ስትወድቅ ይህ እርዳታ ከወንድ ባነሰ መጠን እንደሚደረግላት ታውቋል፤ ሰው ደረቷን ለመንካት ያፍራል። ለመጫን ልብሷን ማውለቅ አያስፈልግም። ነጠላዋን ገለል አድርጎ መጀመር ነው፤ ሐፍረቱ ለነገ ይደር።

ደረጃ 4፦ በምን፣ ወዴት

በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይገኛል፤ በ939 የከተማው እሳትና ድንገተኛ አደጋ። ጠብታ አምቡላንስ በ8035 የሚሠራ የግል አገልግሎት ነው። አምቡላንሱ መቼ እንደሚደርስ ጠይቁ። ቅርብ ነው ካሏችሁ ጠብቁ፤ ውስጡ ባለሙያና ኦክስጅን አለ። መልስ ካጣችሁ ወይም የሚቆይ ከሆነ የራይድ ወይም የፈረስ ታክሲ፣ የጎረቤት መኪና፣ የተገኘውን። ራሷ እንዳትነዳ፤ ብቻዋንም እንዳትሄድ።

መሀል ከተማ መኖር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከቸርችል ጎዳና፣ ከለገሀርና ከሜክሲኮ ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው፤ ከካዛንቺስና ከስታዲየም ዘውዲቱ፤ ከአራት ኪሎና ከስድስት ኪሎ የካቲት 12፣ ከቀበና በኩል ምኒልክ። ጋንዲ የእናቶች ሆስፒታል ነው፤ አራስም ብትሆን ለደረት ሕመም የሚሻላት ሙሉ ድንገተኛ ክፍል ያለው ቦታ ነው። ለሪፈር ወረቀት ብላችሁ በጤና ጣቢያ አትዙሩ፤ ብዙዎቹ የልብ ምርመራ ማሽን የላቸውም፤ ድንገተኛ ደግሞ ድንገተኛ ነው።

ይህን ውሳኔ ግን ላቧ እየፈሰሰ አትወስኑት። ዛሬ ደህና በሆነችበት ቀን ለቤታችሁ ቅርብ ወደሆኑት ሁለት የመንግሥትና ሁለት የግል ሆስፒታሎች ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሌሊትም ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት የሚያወጣው ምርመራ) ይነሳል? ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ) ይመረመራል? የተዘጋ የልብ ስር በካት ላብ (ቀጭን ቱቦ በደም ስር አስገብተው ልብን በሚያክሙበት ክፍል) የሚከፍት ወይም የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት የሚሰጥ ባለሙያ አለ? መልሱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት። መስቀል አደባባይና ጃን ሜዳ አካባቢ የምትኖሩ፣ መስከረም 16፣ ጥር 10 እና 11፣ የኅዳሩ ታላቁ ሩጫ በሚካሄድበት እሑድ መንገድ ስለሚዘጋ በየት በኩል እንደምትወጡ ቀድማችሁ አስቡ።

ደረጃ 5፦ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ

እዚህ ላይ የምትናገሩት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብዙ ይወስናል። ‹‹ጨጓራ አለባት፣ ዛሬ ባሰባት›› ብላችሁ ከጀመራችሁ ለጨጓራ ታማሚ የተዘጋጀው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እንዲህ በሉ፦

‹‹ሲስተር፣ እናቴ 54 ዓመቷ ነው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ደረቷን ይጫናታል፤ ላብ አለ፣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። የልብ እንዳይሆን ፈርተናል፤ እባክሽ ኢሲጂ ቶሎ ይነሳላት።››

ዕድሜ፣ የጀመረበት ሰዓት፣ ዋናው ስሜት፣ አብሮት ያለው፣ የቆየ በሽታ፣ ጥያቄው። በዚህ ቅደም ተከተል። ጨጓራውን ሲጠይቋችሁ ትናገራላችሁ። በዓለም አቀፍ መመሪያዎች መሠረት ደረቱን ያመመው ሰው ከደረሰበት ጊዜ አንስቶ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ መነሳት አለበት፤ ስለዚህ ጥያቄያችሁ ድፍረት አይደለም።

ይሉኝታ እዚህ ይገድላል። ሐኪሙ ‹‹እናቴ፣ እንዴት ነዎት?›› ሲላት ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁንማ ደህና ነኝ፤ እነዚህ ናቸው አምጥተው ያስቸገሯችሁ›› የምትል እናት ታውቃላችሁ። አጠገቧ ቆማችሁ ‹‹ዶክተር፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ልብሷ በላብ ርሶ ነበር›› በሉ። የተለወጠውን ልብስ ያየ ሰው ከእሷ ይልቅ ምስክር ነው።

ሦስት ሰው ካላችሁ ሥራ ተከፋፈሉ፦ አንዱ ከአጠገቧ አይለይ፣ አንዱ ካርድና ክፍያ ይያዝ፣ አንዱ ለዘመድ እየደወለ ገንዘብና መድኃኒት ያፈላልግ። ሁሉም ካርድ ክፍል ተሰልፎ ታማሚዋ ኮሪደር ላይ ብቻዋን የምትቀርበት ትርምስ የተለመደ ነው።

የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ነው ከተባለ ጉዳዩ አልተዘጋም። ሃርት አታክ ላይ ያለች ሴት የመጀመሪያው ኢሲጂ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው የሚደገመው። ትሮፖኒን የተጎዳ የልብ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን ነው፤ ገና እንደጀመራት ከተቀዳ ላይታይ ስለሚችል ከሰዓታት በኋላ በድጋሚ ይለካል። በአዲሶቹ ረቂቅ ምርመራዎች የሴቶች ጣሪያ ከወንዶቹ ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ ‹‹ትንሽ ነው ከፍ ያለው›› የሚል መልስ ከመጣ ‹‹በሴቶች መለኪያ ነው ዶክተር?›› ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

‹‹ጭንቀት ነው፣ ቤት ወስዳችሁ አሳርፏት›› ከተባላችሁ አትጨቃጨቁ፤ በጨዋ ደንብ ‹‹ሁለተኛው ትሮፖኒን ታይቷል ወይ? ካልታየ እዚሁ እንጠብቅ›› በሉ። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ የልብ ሐኪም በርናዲን ሂሊ እ.ኤ.አ. በ1991 በጻፈችው ጽሑፍ ሴት እንደ ወንድ መታመሟን እስካላሳየች ድረስ እንደ ወንድ አትታከምም ስትል ወቅሳ ነበር።

ኢሲጂው ስሩ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ካሳየ ሩጫው ወደ ካት ላብ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ መድረስ ካልተቻለ፣ ከጀመራት 12 ሰዓት ያላለፈ ከሆነና የሚከለክል ነገር ከሌለ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ይሰጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሰጥ ጥቅሙ እጅግ ይበልጣል። ‹‹የቱን ነው የምናደርግላት፣ እዚህ ይቻላል ወይስ እንሂድ?›› የሚለውን ጥያቄ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሽምግልና እስኪቀመጥ አታቆዩት።

ደረጃ 6፦ ከወጣች በኋላ

ስሮቹ ታይተው ‹‹ክፍት ናቸው›› ከተባለም ‹‹እንግዲያው የልብ አልነበረም›› ማለት አይደለም፤ ዋና ስሮች ሳይዘጉ የሚመጣ ሃርት አታክ በሴቶች ላይ ይበዛል። ምክንያቱን ጠይቁ፤ የሚታዘዘው መድኃኒት በዚያ ይወሰናል።

አስፕሪን፣ ክሎፒዶግሬል (እንደ አስፕሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ)፣ ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚቀንስ) ከታዘዘላት ‹‹ተሻለኝ›› ብላ እንዳታቆም። በተለይ ስቴንት (ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ከገባላት ክሎፒዶግሬልን ያለ ሐኪም ማቋረጥ ስቴንቱን በአንዴ ሊዘጋው ይችላል። መድኃኒቱ ከገበያ ሊጠፋ ስለሚችል የመጨረሻውን ቅጠል ከመጀመሯ በፊት ቀጣዩን ግዙ።

ከመውጣታችሁ በፊት የኢሲጂውን ወረቀት ኮፒ አስነሱና በስልካችሁም ፎቶ አንሱት፤ ወረቀቱ በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። በሚቀጥለው ጊዜ ደረቷን ከያዛት፣ የሚያያት ሐኪም አዲሱን ከአሮጌው ጋር አነጻጽሮ ለውጡን ወዲያው ያየዋል።